ሠላሳ አምስት ግራም ጨው

አያልነሽ ስም ሳትጠራ ትምህርት ጀምራ አታውቅም። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሠፈር ካለው ሰባት ፎቅ ሕንፃ አናት ላይ፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበር በተከራየው ክፍል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አማርኛ የምታስተምራቸው ልጆች አሥራ አራት ብቻ ናቸው። ማን እንደቀረ አንዴ ዓይኗን ብታዞር ታውቀዋለች። ግን አይሆንም! ደብተሯን ትከፍትና ከነአባታቸው አንድ በአንድ ትጠራለች፤ እያንዳንዱ ልጅ «አለሁ» እስኪላት ትጠብቃለች። «ፕረዘንት» ያለ እንደቀረ ይቆጠራል። ልጆቹን ይህ ነገር አንገሽግሿቸዋል። ሊፍቱ ከሦስት ቀን ሁለቱን በማይሠራበት ሕንፃ ያን ሁሉ ደረጃ በእግር ወጥተው፣ ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ፣ የአባት ስም ምን ያደርጋል? እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትጠራለች።

በሑዳዴ የመጀመሪያው ቅዳሜም እንዲሁ ጠርታ ስትጨርስ ደብተሯን ዘጋችና «እስከ ፋሲካ ባሕር እንማራለን» አለች።

ኤልናታን እጁን አወጣ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሳይጠይቅ የዋለበት ቀን የለም። «ቲቸር፣ ይሄ የአማርኛ ክላስ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ባሕርን በአማርኛ ነው የምንማረው።»

ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። ከዚያ በፊት የማኅበሩን ሊቀመንበር አቶ መኳንንትን ማሳመን ነበረባት። አቶ መኳንንት የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ ያልተለመደ ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

«አያልነሽ፣ አገራችን ባሕር የላት። ናይሮቢም ባሕር የላት። ልጆቹ ፊደል ይለዩ ብለን እንጂ...»

«ስለሌለን እኮ ነው አቶ መኳንንት። ያለው ሰውማ ሳያስተምሩትም ያውቀዋል።»

መልሱ ሳይወዱ በግድ ደስ አላቸው፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ይህን ስታይ አያልነሽ ሌላውንም አስከተለች፦ በሚያዝያ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን በባቡር ሞምባሳ ወስዳ ባሕሩን ልታሳያቸው ትፈልጋለች። መነጽሩ እንደገና ወረደ። አቶ መኳንንት ብዙ ካሰቡ በኋላ የአሥራ አራቱም ልጆች ወላጅ እስከ ሆሳዕና ዋዜማ ከፈረመ ፈቀድኩ አሉ። አንድ ፊርማ ቢጎድል ግን ጉዞ የለም። ደጋ ላይ ተወልዶ፣ ዋና የማያውቅ፣ ልጁን ባሕር ዳር ማቆም የሚፈራ ወላጅ ስንት እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው እንዲህ ያሉት። እንደማይሆን እርግጠኛ ነበሩ።

የመጀመሪያው ትምህርት የባሕር ውሃ ነበር። አያልነሽ ከምትሠራበት ምግብ ቤት ሚዛን ተውሳ፣ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታ መጣች። ምግብ ቤቱ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ በሥራ ቀን እዚያ ካሸር ናት። ጨውን መዘነች። «ለአንድ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም። ለአምስት ሊትር ስንት?» ልጆቹ ጮኹ፤ ጨመረች፤ በጠበጠች። ከዚያ አንድ አንድ ማንኪያ አቀመሰቻቸው። ኤልናታን በመስኮት ተፋውና ታች መኪና የሚጠብቀው አስካሪ በስዋሂሊ ያልሰደበው የቤተሰብ አባል አልቀረም። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ያልሳቀች ኪያ ብቻ ናት። ኪያ የምግብ ቤቱ ባለቤት የእትዬ ሚዛን ልጅ ናት፤ ነገር ሲገባት ቅንድቧ የሚጋጠም ልጅ። «ቲቸር፣ ግን በጣም ቢጠማንስ? ላይክ፣ ሌላ ውሃ በፍጹም ባይኖር? ትንሽ ብንጠጣ አይሻልም?»

አያልነሽ ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ከቦርሳዋ ድንች አወጣችና ሁለት ስስ ቁራጭ ቆረጠች፤ አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ አንዱን በዚያ በጨው ውሃ ነከረች። «ንኩት። አሁን ሁለቱም ጠንካራ ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እናየዋለን» አለች። ሲያልቅ በጨው ውሃ የተነከረው ቁራጭ ልፍስፍስ ብሎ በጣት ላይ ተጠማዘዘ። ጨው ውሃውን ከውስጡ ስቦ አውጥቶታል። የሰውም ሰውነት እንዲሁ ነው አለቻቸው፤ ኩላሊት ያን ሁሉ ጨው አጥቦ ለማውጣት ከጠጣነው የበለጠ ውሃ ይፈልጋል፤ የጎደለውን ከራሳችን ይወስዳል። የጠጣ ሰው ካልጠጣው ቀድሞ ይሞታል። «ትንሽም ቢሆን። ሁላችሁም በሉ፦ ትንሽም ቢሆን።» ልጆቹ አሉላት። እሷ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

አድነው ታናሽ ወንድሟ ነበር። ደሴ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዋም ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለ ይህንኑ ድንች ቆርጣ፣ ይህንኑ አሳይታዋለች። ኦስሞሲስ። ፈተናው ላይ ጠይቃው ከአሥር ዘጠኝ አገኘ፤ አንዷን ነጥብ የቀነሰችበት ጽሑፉ ስለማይነበብ ነው። ስለ ባሕር ግን ትንፍሽ አላለችውም። መጽሐፉም አላለም፤ ደሴ ተራራ ሥር ተቀምጦ ባሕርን ማን ያስባል? በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለማንም ሳይናገር ተነስቶ፣ በጅቡቲ ኦቦክ ከሚባለው ዳርቻ ወደ የመን ተሳፈረ። መሐል ላይ ሞተሩ ቆመ። ከተረፉት አንዱ ለቅሶ ላይ መጥቶ ነገራት፦ አራት ቀን ቆዩ፤ ቀድመው ያለቁት የባሕሩን ውሃ የጠጡት ናቸው፤ አድነው በሁለተኛው ቀን ጠጣ። ከአሥር ዘጠኝ ያገኘ ልጅ! ድንቹ አንተ ነህ ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም።

ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በዓመቱ ደሴን ጥላ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባች፤ እዚህ ለማንም አልተነፈሰችም። ሞምባሳ በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሰው ሁሉ ለእረፍት ሲሄድ እሷ አንዴ አሞኛል፣ አንዴ ሥራ አለ እያለች አንድም ቀን አልሄደችም። ዘንድሮ ግን ቆረጠች። እነዚህ አሥራ አራት ልጆች ባሕርን በስሙ ብቻ እያወቁ አያድጉም። ዓይናቸው ያየዋል፣ እጃቸው ይነካዋል፣ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ ያውቃሉ። እሷም አብራቸው ቆማ ታየዋለች። አሥራ አራት ፊርማ ነው የሚያስፈልጋት፤ አሥራ አራቱንም ታመጣለች።

እግሯ እስኪቀጥን ዞረች። ከሥራ መልስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ዛሬ ፓርክላንድስ፣ ነገ ሳውዝ ሲ። አንዷ እናት በር ላይ አቁማ መለሰቻት። አንዱ አባት «ልጄን ሻርክ ቢበላብኝ አንቺ ትተኪልኛለሽ?» አላት፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ ግን ፈረመ፤ ያስፈረመው ክርክሯ ይሁን መሰልቸት አይታወቅም።

ሳይለመኑ የፈረሙት ጋሽ ሃብተኣብ ናቸው። ሳውዝ ሲ ትንሽ ጋራዥ አላቸው፤ የልጅ ልጃቸው ኤሊልታ ከአያልነሽ ተማሪዎች አንዷ ናት። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ በባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር መካኒክ ነበሩ፤ አማርኛቸውንም ያቀኑት እዚያው ነው። ወረቀቱን በቅባት እጃቸው ይዘው ስለ ማዕበል የምታስረዳቸውን እስከ መጨረሻው ሰሟትና «አንቺ ባሕር አይተሽ አታውቂም» አሏት።

«እንዴት አወቁ?»

«ስለ ማዕበል ስታወሪ እጅሽ አይንቀሳቀስም። ባሕር የሄደ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራ» አሉና መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ከፍ ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ፈረሙ። «ግዴለም፣ የምትነግሪያቸው ልክ ነው። እኔም እመጣለሁ። ሰው አብሯቸው ይኑር።»

እትዬ ሚዛን ደግሞ የካሸሩ ባንኮኒ ጋ ቆመው፣ ሳያነቡት ነው የፈረሙት። «ኪያ ካንቺ ጋር ከሆነች ምን ያስፈራኛል?» አሉ። እትዬ ሚዛን በዚያ ሑዳዴ ሐሳብ የገባቸው ሴት ነበሩ። ሌላ ጊዜም ጾመኛ ናቸው፤ ዘንድሮ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ስልክ ይዘው ወደ ጓሮ ይወጡና ዓይናቸው ቀልቶ ይመለሳሉ። አያልነሽ አንድ ቀን «ደኅና ነዎት?» ብትላቸው «ስለት አለብኝ» ብቻ ብለው ዞር አሉ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀቻቸውም።

የባሕሩን ወለል በደረጃው ላይ ነው ያስተማረችው። ከሰገነቱ ከመሬት በታች እስካለው መኪና ማቆሚያ ደረጃውን ራሷ ቆጥራ ነበር፤ መቶ አሥር ሲሞላ ልክ የጨለማው ጥግ ጋ ይደርሳል። አንዱን ደረጃ መቶ ሜትር አለችው፤ የመጨረሻው የዓለም ባሕር ሁሉ ጥልቁ ሥፍራ ነው። ልጆቹ ከሰገነቱ ተነስተው ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ አቆመቻቸው፦ ተክል የሚያበቅል ብርሃን እዚህ ያበቃል፤ የምታውቁት ዓሣ አብዛኛው ከዚህ በላይ ነው። አሥረኛው ላይ የፀሐይ ብርሃን ጨርሶ ጠፋ። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ «የውቅያኖስ ወለል በአማካይ እዚህ ነው» አለች፤ አንድ የማያውቋቸው አዛውንት በር ፊት ለፊት ቆመው ነበር። ኤልናታን በሩን አንኳኳና «ሆዲ! ባሕር ውስጥ ነዎት!» ብሎ ሊሮጥ ሲል በጆሮው ያዘችው። ከዚያ በታች ልጆቹ በራሳቸው ድምፃቸውን ቀነሱ። የመጨረሻውን ደረጃ ረግጠው መኪና ማቆሚያው ጨለማ ውስጥ ሲቆሙ እዚህም የሚኖር እንስሳ እንዳለ ነገረቻቸው፤ ከላይ እየበነነ የሚወርደውን ፍርፋሪ እየለቀመ ይኖራል። ኪያ ወደ ላይ አንጋጣ አየችና «ሰው ግን እዚህ ድረስ ይወርዳል? ማለቴ፣ የሰመጠ ሰው?» አለች። አያልነሽ «ይወርዳል» አለቻት። ልጅ ናት ብላ አልዋሸቻትም።

በአምስተኛው ሳምንት ዝርዝሩ ሞላ። አሥራ አራት ፊርማ! ምግብ ቤቱ ውስጥ ከካሽ መመዝገቢያው በላይ በፕላስተር ለጠፈችው፤ ሲያልፉ ሲያገድሙ ታየዋለች። አቶ መኳንንትም አዩት፤ መነጽራቸውን አወለቁ። ያኔ ነው እንግዲህ አያልነሽ ራሷን በራሷ ያጠመደችው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርት የባሕር እንስሳት ነው። ሥዕል ማሳየት ይበቃ ነበር፤ ለሌላ አስተማሪ ይበቃል። እሷ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ መሐል ከተማ ሲቲ ማርኬት ወርዳ፣ ከሞምባሳ በበረዶ ከመጣው ዓሣ መሐል ስምንት ክንድ ያለው ትልቅ ኦክቶፐስ ገዛች። ሻጩ «ፕዌዛ ሳፊ፣ ማማ»፣ ንጹሕ ኦክቶፐስ ነው እያለ በላስቲክና በጋዜጣ ጠቀለለላት። ቤቷ ፍሪጅ የላትም። ምግብ ቤቱ ግን ሁለት አለው፦ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። እትዬ ሚዛን ሁለቱን በአንድ ጨርቅ አያስጠርጉም።

አያልነሽ በሁለቱ ፍሪጆች መካከል ጥቅሉን ታቅፋ ቆመች። የፍስኩ ውስጥ ብታስገባው ሥጋና ቅቤ ይነካዋል፤ ነገ ልጆቹ በእጃቸው የሚይዙት ነገር ነው፤ በጾም እንዴት ይሆናል? የጾሙ ውስጥስ? ዓሣን በጾም የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ። ይሄ ደግሞ ዓሣ አይደለም፤ ሥጋም አይደለም። ደም የለውም ብላ ራሷን አሳመነች፤ ሰማያዊ ደም እንዳለው ነገ ጠዋት ልታስተምር የተዘጋጀች ሴት! ከጥቅል ጎመኑ ጀርባ፣ የጾሙ ፍሪጅ ውስጥ ወሸቀችውና ወደ ቤቷ ሄደች።

ሲነጋ ጉድ ፈላ። ጥቅሉ አድሮ አንጠባጥቧል። ወጥ ሠሪዋ የክክ ወጡን ልታወጣ ስትል ከጎመኑ ኋላ ጡት ጡት የሚመስል ነገር የሞላበት ክንድ ተንጠልጥሎ አየችና ጩኸቷን አቀለጠችው። አያልነሽ ስትደርስ እትዬ ሚዛን ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ተከናንበው፣ ምስሩንም ክኩንም ሰላጣውንም ከነዕቃው ጓሮ እያስጣሉ ነበር። ቅዳሜ፣ በሑዳዴ፣ ለጾመኛ የሚቀርብ አንድ ጭልፋ ወጥ በቤቱ አልተረፈም።

«እትዬ ሚዛን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለትምህርት ነው...»

«ቅርፊት የለው፣ ክንፍ የለው! ይህን ርኩስ ነገር ከጾም ምግቤ ጋር? አንቺ የክርስቲያን ልጅ አይደለሽም?» የክኩን ድስት ራሳቸው አንስተው ደፉት። «ስለት አለብኝ ብዬሻለሁ እኮ! ለአንድ ነፍስ ብዬ ስድስት ሳምንት ሙሉ ውሃ እንኳን ሳልቀምስ... አሁን እግዚአብሔር ምን ብሎ ይስማኝ?» ወደ ባንኮኒው ሄዱና ከዝርዝሩ ላይ ስማቸውን በብዕር ሦስት ጊዜ ሰረዙት። «እስከ ፋሲካ ዓይንሽን እንዳላይ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። አያልነሽም አለቀሰች፤ ግን እየሄደች ነው። ጓሮ ወጥታ ኦክቶፐሱን ከቆሻሻው አነሳች፣ በቧንቧ አጠበችው፣ ሰባቱን ፎቅ ወጣች። ስም ጠራች። ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሦስት ልብ እንዳለው፣ አጥንት ስለሌለው በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ እንደሚወጣ፣ ሴቷ እንቁላሏ እስኪፈለፈል ሳትበላ ጠብቃ እንደምትሞት አስተማረች። ልጆቹ በየተራ ክንዱን ነኩ። ኪያ አልነካችም፤ ከእናቷ ጋር ልትጣላ አልፈለገችም፤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፈች።

እስከ ማታ ወሬው በዋትሳፕ ተዳርሶ ሁለት ወላጆች ፊርማችንን አንስተናል ብለው ደወሉ። አቶ መኳንንት ለሆሳዕና ዋዜማ ስብሰባ ጠሩ። «ይሄ የአማርኛ ትምህርትም ቢሆን ይቀጥል አይቀጥል እንነጋገርበታለን» አሏት። ከልባቸው አዝነው ነው ያሉት።

ያን ሳምንት አያልነሽ እንቅልፍ አልነበራትም። ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ጥፋቷም ጥፋት ነው። ግን ይቅርታ ብቻ ብትል ይቅር ይሏትና ልጆቹን ወደ ፊደል ገበታቸው ይመልሷቸዋል። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተናገረችው ነው። ልትናገረው ወሰነች።

በስብሰባው ቀን ከሰው ሁሉ ቀድማ መጣች። ጀሪካኗን፣ ጨውና ድንቿን ይዛለች። ወላጆች ከነልጆቻቸው ገብተው ሲቀመጡ የድንቹ ቁራጮች ተነክረው ቆይተው ነበር። እትዬ ሚዛን የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ። አቶ መኳንንት ሊከፍቱ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አያልነሽ ደብተሯን ከፍታ ስም መጥራት ጀመረች። አሥራ አራቱም «አለሁ» አሉ።

«በመጀመሪያ እትዬ ሚዛንን በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። «ጾመው የጠበቁትን ገበታ አበላሽቻለሁ። በስንፍና አይደለም፣ በችኮላ ነው፤ ግን በደል ነው። ሁለተኛው ነገር ይሄ ነው። አድነው የሚባል ወንድም ነበረኝ።»

ምንም ሳትሸሽግ ነገረቻቸው። ደሴን፣ ድንቹን፣ ከአሥር ዘጠኙን፣ ኦቦክን፣ ሁለተኛውን ቀን። «ባሕርን የማስተምራቸው ሞምባሳ ሄደው ፎቶ እንዲነሱ አይደለም። እኔ አስተማሪ ሆኜ አንድ ልጅ ሳላስተምር ላክሁ። እነዚህን ግን ሳላስተምር አልልክም። ብታባርሩኝም መንገድ ዳር አቁሜ አስተምራቸዋለሁ።»

ጋሽ ሃብተኣብ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። አያልነሽ «ኪያ፣ ድንቹን አውጪው» አለች። ኪያ ሁለቱን ቁራጮች አውጥታ በሁለት እጇ ያዘች። አንዱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሌላው ጣቷ ላይ ታጠፈ።

እትዬ ሚዛን ተነሱ። በወንበሮቹ መካከል መጥተው የላላውን ቁራጭ በጣታቸው ነኩት። «ሰውም እንዲህ ነው የሚሆነው?»

«አዎ እትዬ።»

«በስንት ቀን?»

«ከጠጣ፣ በአንድ ወይ በሁለት ቀን።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «የእህቴ ልጅ ባንታየሁ ኦቦክ ነው ያለው» አሉ። «ነገ ማታ ይሳፈራል። እናቱም ለመነችው፣ እኔም ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ስለቴም ለሱ ነው።» ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ለመነሳት ጊዜ ወሰደ። ሲነሳ ስፒከሩን ከፍተው ለኪያ ሰጧት። «ንገሪው። የኔን ልመና ጠግቦታል፤ አንቺ ትምህርቱን ንገሪው።»

«ባንቴ፣ ሃይ፣ ኪያ ነኝ። ስማ፣ መጀመሪያ አትሂድ፣ ፕሊዝ። ከሄድክ ግን የባሕሩን ውሃ እንዳትጠጣ። ትንሽም ቢሆን። አንዱ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም ጨው አለው፣ ኪድኒህ አይችለውም፣ ያንተን ውሃ ነው የሚወስደው። እንደ ድንቹ ትሆናለህ።»

«ድንች?» አለ የልጁ ድምፅ፤ ሳቀ። ኪያ ስለ ድንቹ ነገረችው። ሳቁ ቆመ። ከኋላው ነፋስና የብዙ ሰው ወሬ ይሰማል። «ደላላው እኮ ውሃ አትያዙ፣ ጀልባው ይከብዳል ብሎናል። ቢጠማችሁ ባሕሩን በነጠላ አጥልላችሁ ጠጡ ነው ያለን።»

እትዬ ሚዛን ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ኪያ «ኖ! ኖ፣ ባንቴ፣ ጨው በነጠላ አይወጣም!» ብላ ጮኸች።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ቲቸሬ።»

«አለች እዚያ? ስጪያት እስቲ። ላውድ አደርገዋለሁ፣ ልጆቹም ይስሙ። አርባ ሦስት ነን።»

አያልነሽ ስልኩን ተቀበለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። እትዬ ሚዛን ዝርዝሩን ከአቶ መኳንንት እጅ ወስደው ከሰረዙት በታች ስማቸውን እንደገና ጻፉ፤ ወረቀቱ ወደ ሌሎቹ ሁለት ወላጆች አለፈ። አያልነሽ ይህን ሁሉ አላየችም። ደብተሯን አንስታ አዲስ ገጽ ገልጣ ነበር።

«አያልነሽ እባላለሁ፤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ» አለች። «እንዳትሳፈሩ ነው የምነግራችሁ። ምክንያቱንም አስረዳለሁ። የማይሰማኝም ካለ ባሕሩን ሳያውቀው አይሄድም። ከዚያ በፊት ግን ስማችሁን ከነአባታችሁ አንድ በአንድ ንገሩኝ፤ እጽፋለሁ።»

«አርባ ሦስት ነን እኮ እትዬ። ጊዜ ይፈጃል።»

«ጊዜ አለኝ። ካንተ እንጀምር።»

ነገራት። ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው፣ ስሙን ጠራች፦ «ባንታየሁ አሰፋ።»

ከነፋሱ መሐል ትንሽ ዘግይቶ መጣ። «አለሁ» አላት።